ስም የማያሻግረው ኬላ

ደወሌ ኢትዮጵያ የምታበቃበትና ጅቡቲ የምትጀምርበት ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው አሮጌው ሐዲድም፣ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚያልፉት በዚህች በር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በበሩ የሚያልፍ ጭነት ይፈተሻል፤ እንዳለ የሚያልፍ አለ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት የሚያልፍ አለ፣ እዚያው የሚቀርም አለ። በአንድ ስፖርት ስም ካተረፈ በኋላ ወደ ሌላ ስፖርት የሚሻገር አትሌት የሚቆምበት ኬላም ከዚህ ብዙ አይለይም። ጉልበቱን፣ ትንፋሹን፣ ልምዱንና ዝናውን ጭኖ ይመጣል፤ አዲሱ ስፖርት ደግሞ አንድ በአንድ እያነሳ ይመዝንበታል። የትኛው ያልፋል? የትኛው ይቀራል? ለማለፍ የሚከፈለው ቀረጥስ ምንድን ነው? ጉዳዩ የኳስና የቡጢ ወሬ ቢመስልም በውስጡ የያዘው ሰው በአንድ ዕድሜ ስንት ጊዜ ሊጀምር ይችላል የሚል የቆየ ጥያቄ ነው። የአገራችን ስፖርትም ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቆት አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየን የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ነው። ኤድ ጆንስ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ረጅምነቱ ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀርቷል። ሙያው የአሜሪካ ፉትቦል ነበር፤ እኛ እግር ኳስ ከምንለው ጋር በስም እንጂ በአጨዋወት የማይገናኝ፣ ተጫዋቾቹ የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበት፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ። በ1974 በዓመቱ ከኮሌጅ ከወጡት ተጫዋቾች ሁሉ ቀድሞ ተመርጦ ለዳላስ ካውቦይስ ፈረመ። በ1978 መጀመሪያ ላይ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የአገሪቱን ትልቅ ዋንጫ ከክለቡ ጋር አነሳ። በ1979፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ጉልበቱም ገበያውም በሞላበት ሰዓት ክለቡን ትቶ የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ሆነ። ስድስት ጊዜ ተጋጠመ፤ ስድስቱንም አሸነፈ፤ አምስቱን በዝረራ። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ታላቅ ቡጢኛ ተወልዶ ነበር ይላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ግጥሚያ ራሱ ወድቆ ተነስቶ፣ በዳኞች አብላጫ ድምፅ ነበር ለጥቂት የተረፈው፤ ከዚያ በኋላ የገጠሙትም በሚዛኑ አናት ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዳቸውም አይደሉም። በጥር 1980 ስድስተኛውን ግጥሚያ ከጨረሰ በኋላ ጓንቱን ሰቀለ፤ በዚያው ዓመት ወደ ዳላስ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ዓመቱን እንደ ባከነ ዓመት ይቆጥሩታል። በአገራችን አነጋገር «ከሁለት ያጣ ጎመን» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ፉትቦሉን ትቶ ሄደ፣ ቡጢውንም ሳይዘልቅበት ተመለሰ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ የማልስማማውም በርኅራኄ ሳይሆን በማስረጃ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል የዓመቱ ምርጦች ብቻ የሚሰለፉበት የኮከቦች ግጥሚያ አለ። ጆንስ ለዚህ ግጥሚያ የተመረጠው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1981፣ በ1982 እና በ1983 የውድድር ዘመን። ሦስቱም ከቡጢው በኋላ ናቸው። ከዚያ በፊት በተጫወታቸው አምስት ዓመታት አንድም ጊዜ አልተመረጠም። ያ የቡጢ ዓመት ብቻውን የተሻለ ተጫዋች አደረገው ብሎ መማል አይቻልም፤ ዕድሜና ብስለትም የራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። «ባከነ» የሚለውን ቃል ግን ይህ እውነታ ያፈርሰዋል። ሰውየው ወደ ለመደው ሜዳ የተመለሰው ሳይጎድልበት ነው፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት ያልደረሰበት ደረጃ ላይ ወጥቷል።

ከዚህ ተነስቼ የምከራከርበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ የሁለተኛ ሙያ ዋጋ በዋንጫና በቀበቶ አይለካም። አትሌቱ በአዲሱ ሜዳ በር ላይ ስሙን አውልቆ እንደማንኛውም ጀማሪ ለመቆጠር በመፍቀዱ ነው የሚለካው። ይህን የፈቀደ ሰው ቢያሸንፍም ቢሸነፍም መሻገሩ ትርጉም አለው። ስሙን ይዞ ለመሻገር የሞከረ ግን መዝገቡ በድል ቢሞላ እንኳ ከነበረበት አልተነሳም።

በመጀመሪያ ምን እንደሚያልፍ እንይ። አካል ብዙ ነገር ይዞ ይሻገራል። ቻርሊ ፓወል የሚባለው ሌላው አሜሪካዊ ለዚህ ከጆንስ የበለጠ ምስክር ነው። በ1952፣ ገና በወጣትነቱ፣ ለሳንፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ፉትቦል መጫወት ጀመረ፤ በማግስቱ ዓመት ቡጢ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን እያፈራረቀ ኖረ። በ1959 በከባድ ሚዛን ከዓለም ቀዳሚዎች አንዱ የነበረውን ኩባዊውን ኒኖ ቫልዴስን አሸነፈ። በጥር 1963 ፒትስበርግ ላይ ከወጣቱ ካሲየስ ክሌይ ጋር፣ በኋላ ሙሐመድ አሊ ከተባለው ጋር፣ ተጋጥሞ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። በጠቅላላው 25 ግጥሚያ አሸንፎ፣ 11 ተሸንፎ፣ በ3 እኩል ወጥቷል። ይህ የእውነተኛ ቡጢኛ መዝገብ ነው፤ ሽንፈቶቹ ራሳቸው ስለ እውነተኛነቱ ይመሰክራሉ፣ ጠንካራ ሰው ሳይገጥሙ አሥራ አንድ ጊዜ መሸነፍ አይቻልምና። ፓወል ከፉትቦል ወደ ቡጢ የተሻገረው በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ስለነበር ቡጢው እንዲያስተምረው ጊዜ ሰጥቶታል። ከኛው እግር ኳስ ወገን ደግሞ ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ አለ። በልጅነቱ በሲምፈሮፖል የታቭሪያ ክለብ ታዳጊ ነበር፤ ወደ ቡጢ የዞረው በ15 ዓመቱ ነው። በ2012 በለንደን የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ2024 ደግሞ ታይሰን ፉሪን አሸንፎ የከባድ ሚዛንን ቀበቶዎች ሁሉ ጠቀለለ። የኡሲክን ግጥሚያ በጥሞና ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በእግሩ ላይ ነው። ከሱ የሚከብዱ፣ ከሱ የሚረዝሙ ሰዎች ፊት ቆሞ አይጠብቅም፤ ማዕዘን እየቀየረ፣ ተረከዙን ሳያሳርፍ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ ከኳስ ሜዳ መጣ ማለት አልችልም፤ ኳስ ያሳደገው እግር ግን ለቡጢ ባዕድ እንዳልሆነ በዓይን የሚታይ ነው።

የማያልፈው ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ዓይን ነው። ኳስ ተጫዋች ሜዳውን በስፋት ማየት ይማራል፤ ቡጢኛ የሚያየው የአንድ ሰው ትከሻና ደረት ነው፤ ጡጫው ከመምጣቱ በፊት ትከሻ ላይ የምትታየውን ትንሽ ምልክት ለማንበብ ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው ብቸኝነት ነው። በሜዳ ላይ የደከመ ተጫዋች ለጥቂት ደቂቃ ከጓደኞቹ ኋላ ሊሸሸግ ይችላል፤ አሰልጣኝ ይቀይረዋል፤ ጥፋቱም ለአሥራ አንድ ይካፈላል። በሪንግ ውስጥ የሦስት ደቂቃ ዙር ሲጀመር ምትክ የለም። ሦስተኛውና ከባዱ ጊዜ ነው። ጉልበት ይሻገራል፣ ትንፋሽ ይሻገራል፤ ሌላው ሰው ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ በጆንያ ፊት ያሳለፈው ጊዜ ግን አይሻገርም፣ በብድርም አይገኝም። ጆንስ በ28 ዓመቱ 2 ሜትር ከ6 ይዞ መጣ፤ ያልያዘው እነዚያን ዓመታት ነበር። የመጀመሪያ ተጋጣሚው ይህን ረጅም ሰው መሬት ላይ ያስቀመጠው በቁመት ወይም በክብደት በልጦት አይደለም።

እንግዲህ ቀረጡ ይኸው ጊዜ ነው፤ የሚከፈለውም በጀማሪነት ነው። ይህን ቀረጥ እስከ መጨረሻው ሳንቲም የከፈለ ሰው ለማየት ከከባድ ሚዛን ወረድ ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ከርቲስ ዉድሃውስ በሼፊልድ ዩናይትድና በበርሚንግሃም ሲቲ የታወቀ አማካይ ነበር። በ2006፣ በ26 ዓመቱ፣ እግር ኳሱን ትቶ ቡጢ ገባ። በወቅቱ የብዙዎች አስተያየት ቀልድ ነበር። እሱ ግን የእግር ኳስ ስሙ ምንም በማያደርግበት ትንንሽ አዳራሽ ውስጥ ጀመረ፤ ተሸነፈ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ተሸነፈ። በየካቲት 2014 ሃል ከተማ ውስጥ ዳረን ሃሚልተንን በዳኞች ውሳኔ አሸንፎ በቀላል ዌልተር ሚዛን የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። በመካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ አልፏል። ሰባት ዓመት አንድ ወጣት ከጀማሪነት ወደ ብስለት የሚደርስበት የተለመደ ጊዜ ነው። ዉድሃውስ የከፈለው ማንም ሌላ ሰው የሚከፍለውን ያህል ነው፤ አልተቀነሰለትም፣ እንዲቀነስለትም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፤ ከባድም ነው። ሁሉም እንደ ዉድሃውስ አይደለም፣ ታዋቂ ሰው ወደ ሌላ ስፖርት ሲገባ የሌላውን ወንበር ይነጥቃል ይላል ተቃዋሚው። ከልጅነቱ ጀምሮ በድህነት ጓንት ተውሶ የተለማመደ ልጅ የቴሌቪዥን ካሜራ በዕድሜው ሙሉ ሳያየው ይቀራል፤ የፉትቦል ኮከብ ግን የመጀመሪያ ግጥሚያውን በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ያደርጋል፤ ደካማ ተጋጣሚም ተፈልጎ ይቀርብለታል። ይህ እውነት ነው። የጆንስም መንገድ ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለም። ስም የኬላውን በር ያስከፍታል፤ በዚህ አልከራከርም። የምለው ስም ከበሩ ወዲያ አይሠራም ነው። ገበያው የሚሸጠው ትኬት ነው፤ ጡጫውን የሚቀበለው ግን ስሙ አይደለም፣ አገጩ ነው። ደካማ ተጋጣሚ እየመረጡ ያመጡለት ሰው ለራሱም የሚያውቀው ነገር የለም፤ መዝገቡ ያደገው ሰውየው ሳያድግ ነው። ስለዚህ የተቃውሞው መልስ መሻገርን መከልከል ሳይሆን ኬላውን ማጥበቅ ነው። ይህ ሲሠራም ታይቷል። የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋች ሪዮ ፈርዲናንድ በ2017፣ በ38 ዓመቱ፣ ቡጢኛ እሆናለሁ ብሎ ልምምድ ጀምሮ ነበር፤ የብሪታንያ የቡጢ ተቆጣጣሪ ቦርድ ፈቃድ ስለነፈገው በ2018 ሐሳቡን ተወ። የዚህ ቦርድ ውሳኔ ጭካኔ አይደለም። በዓለም ላይ ስንት ዋንጫ ብታነሳ እዚህ ገና አልጀመርክም ማለት ነው፤ ለሰውየውም ለስፖርቱም ክብር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ያስጨንቀኛል። ከኬላው ሳይፈተሽ የሚያልፍ አንድ ጭነት አለ፤ እሱም ጉዳት ነው። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጭንቅላት ላይ በሚደጋገም ጡጫ ምክንያት ቡጢኞች የሚያሳዩትን መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና የአእምሮ መዳከም ጽፎ አሳወቀ። ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2005፣ ናይጄሪያዊው የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ማይክ ዌብስተር በተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች አንጎል ውስጥ በድብደባ የመጣ ተመሳሳይ በሽታ ማግኘቱን አሳተመ። ሁለቱ ስፖርቶች የሚገናኙበት በጣም አሳዛኙ መንገድ ይህ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በመጀመሪያው ሜዳ ያጠራቀመውን ምት በሁለተኛው ላይ ይደምርበታል፤ አንጎል ጀማሪ መሆን አያውቅም። ይህን የሚያነሳ ሰው ትክክል ነው፤ እኔም በዚህ ምክንያት ሐሳቤን አንድ ቦታ ላይ ለመገደብ እገደዳለሁ። ጀማሪነትን ማክበር ማንንም ወደ ሪንግ መገፋፋት ማለት ሊሆን አይገባም። ጭንቅላቱን ለዓመታት ሲያስመታ የኖረን ሰው ሌላ ጭንቅላት የሚመታበት ስፖርት ውስጥ ማስገባት ድፍረት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። ነገር ግን ተቃውሞው የሚነካው የተወሰኑ ስፖርቶችን እንጂ የመሻገርን ሐሳብ አይደለም፤ ከኳስ ወደ ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ ቀስት፣ ከቅርጫት ኳስ ወደ ዝላይ ለሚሻገር ሰው ይህ መከራከሪያ ምንም አይለውም።

ከሩጫ ወደ ቀስት ስል በአጋጣሚ አይደለም። በአገራችን የዚህ ጉዳይ ትልቁ ምሳሌ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። የሮምን 1960 እና የቶኪዮን 1964 ማራቶን ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በጥቂቱ እናወራለን፤ ስናወራውም እንደ ሐዘን ብቻ ነው። በመጋቢት 1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በእንግሊዝ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። በ1970 በዚያው ቦታ ይካሄድ በነበረው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ወረወረ። በ1971 በእንግድነት በተጠራበት የኖርዌይ ውድድር ላይ ደግሞ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ በሚደረገው የተንሸራታች ጋሪ ውድድርም አሸነፈ። በረዶ! የደጋው ልጅ፣ የኢትዮጵያ መንገድ ያሳደገው ሯጭ፣ ዓለም በእግሩ ያወቀው ሰው፣ በበረዶ ላይ በእጁ ጀመረ። በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

አበበ በቀስት ሜዳሊያ አልወሰደም። ይህን የሚቆጥርበት ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ቀስቱን ስላነሳ ራሱን አሳፈረ ያለም የለም። በዓለም አንደኛ የነበረ ሰው በሌላ ሜዳ ከማይታወቁ ሰዎች ጎን ተሰልፎ ዒላማ ሲስት ያየው ሁሉ ክብሩ ጨመረ እንጂ ቀነሰ አላለም። ለምን? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን ሙያ ራሱ አልተወውም፣ ተነጠቀ። እኛ ሰው እንደገና ጀማሪ እንዲሆን የምንፈቅድለት መከራ ሲደርስበት ብቻ ነው። ጤናማ እግር ያለው፣ ውል በእጁ ያለ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በፈቃዱ ሲጀምር ግን እብደት፣ ጥጋብ፣ አለማመስገን እንለዋለን። አበበ ቀስቱን ባነሳ ጊዜ ያከበርነው ነገርና ጆንስ ጓንቱን ባጠለቀ ጊዜ የነቀፍነው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው፤ አንድ ታላቅ ሰው የማያውቀውን ነገር ለመማር በሰው ፊት መቆሙ። አንዱን መከራ ሰጠው፣ ሌላው መረጠው። መከራ የሰጠውን ካከበርን ሰው የመረጠውን የምንንቅበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። በእርግጥ ልዩነት አለ፤ የአበበ ጽናት ከጆንስ ምርጫ እጅግ ይከብዳል፣ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም አይገባም። የምለው ግን ክብሩ የሚመነጨው ከአንድ ምንጭ ነው።

ማሞ ወልዴም በመጠኑ ከዚህ ወገን ነው። በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የሮጠው በ800 እና በ1,500 ሜትር ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ አገኘ፤ በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። ሁሉም ሩጫ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የ800 ሜትር ሯጭና የማራቶን ሯጭ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ መሆኑን አሰልጣኞች ያውቃሉ። ማሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ትውልድ የሚያህል ጊዜ ፈጅቶበታል፤ ያን ጊዜም ማንም አልነፈገውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ኪስ የሚወጣ ነው። ደሃ አገር ልጆቿን በሁለት ሜዳ ለመሞከር አቅም የላትም፤ ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ 2024 ያገኘችው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በሙሉ ከአትሌቲክስ ነው፤ ስለዚህ አንድን ነገር አጥብቆ መያዝ አዋጭ ነው ይባላል። መከራከሪያው ብልህ ይመስላል። ግን ያለፈውን ካየን ተቃራኒውን እናገኛለን። በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን የአንድ ሙያ ሰዎች ቡድን አልነበረም። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በሙያው መካኒክ ነበር፤ በድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድንም ተጫውቷል። ቡድኑን የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ዓመት የተጫወተ ሰው ነው፤ ከዚያ አሰልጣኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪሞት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። በየጊዜው በር ሲያልፍ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት፣ ከአሰልጣኝነት ወደ አስተዳዳሪነት እንደ አዲስ ተምሯል። ያ ትውልድ ሁለት ባላ መትከልን የተማረው ከችግር ነው፤ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው አባባል ለነሱ ምሳሌ ሳይሆን ኑሮ ነበር። የሆነው ሆኖ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው በነዚያ ሰዎች ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። የሁለት ሙያ ሰዎች ስለነበሩ አሸነፉ አልልም፤ ሁለት ሙያ ስለነበራቸው አልተሸነፉም ማለት ግን ይቻላል።

አጥብቆ መያዝ የሚባለውም ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚያዘውን ማግኘት ይጠይቃል። ከደወሌ በባቡር ጥቂት ሰዓት በምትርቀው ጅቡቲ በኩል በልጅነቱ ወደ ብሪታንያ የተወሰደው ሞ ፋራህ ሶማሌላንድ ውስጥ የተወለደ ሶማሌ ነው። በተማሪነቱ ሕልሙ ለአርሰናል መጫወት ነበር። የስፖርት መምህሩ ኳሱን ሲጫወት እያየ ሩጫውን አየለት፤ ወደ መሮጫው ሜዳ ወሰደው። በ2012 እና በ2016 በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አራት የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው ያ ልጅ ነው። መምህሩ «ኳስ መርጠሃል፣ በቃ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ብሪታንያ አንድ መካከለኛ የክንፍ ተጫዋች ታገኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ አስተዋይ ዓይን በየቦታው አይገኝም፤ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ አንድ አማራጭ ብቻ የቀረበለት ልጅ በማይስማማው ነገር ዕድሜውን ሊያቃጥል ይችላል።

በሲቲ ዞን ቆላማ ሜዳ፣ ከደወሌ እስከ ሽንሌ፣ በጅግጅጋም ሰፈሮች ያለው ወጣት በአብዛኛው የሚያውቀው አማራጭ ኳስ ነው። ኳስ ርካሽ ነው፣ ሜዳ ይበቃዋል፤ ጨርቅ ጠቅልሎም ይጫወቱታል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። የምቃወመው በ14 ዓመቱ በአንድ ቡድን መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ልጅ ሌላ ነገር ልሞክር ሲል እንደ ከዳተኛ የሚታይበትን ልማድ ነው። ኡሲክ በ15 ዓመቱ ሲዞር አንድ ሰው «ኳስህን ከዳህ» ብሎ አስሮ ቢያስቀረው ኖሮ የከባድ ሚዛን ታሪክ ዛሬ ሌላ ይሆን ነበር። ረጅም ክንድ ያለው ልጅ በረኛ ብቻ መሆን የለበትም፤ ጦር መወርወር፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ አለ። ፈጣን ልጅ ክንፍ ብቻ መሆን የለበትም። ቡጢ የሚወድ ልጅ ቢገኝ ደግሞ ጭንቅላት ከመመታቱ በፊት ብዙ ዓመት በእግር ሥራ፣ በገመድና በጆንያ የሚሠራ ሥራ አለ፤ አሰልጣኝ ይህን ካወቀ ልጁ ሳይጎዳ ይማራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በደወሌ፣ በሽንሌ፣ በአይሻና በጅግጅጋ ያላችሁ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን፣ በወር አንድ ቀን ልጆቻችሁን ከለመዱት ስፖርት ውጭ አውጥታችሁ ሌላ ነገር አስጀምሯቸው። የኳሱን አምበል ቅርጫት ኳስ ስጡት፤ ሯጯን በመረብ ኳስ አሰልፏት፤ ሲሳሳቱ ደግሞ የሚስቅባቸውን ልጅ ዝም አሰኙት። የክለብ ኃላፊዎችም ለታዳጊ በምትሰጡት ውል ላይ ወደ ሌላ ስፖርት መሄድ የሚከለክል አንቀጽ ካለ ሰርዙት።